የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምና የካይሮፕራክቲክ ሕክምና፦ ጥቅሙና ወሰኑ

የሰው ልጅ ሲናገር፣ ሲበላ፣ ሲያዛጋና ሲስቅ በየዕለቱ እጅግ ብዙ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰው፣ ነገር ግን ሕመም እስካልተሰማው ድረስ መኖሩን እንኳ ልብ የማይለው አካል ቢኖር የመንጋጋ መገጣጠሚያ ነው። ከሁለቱ ጆሮዎች ፊት ለፊት በግራና በቀኝ የሚገኘው ይህ መገጣጠሚያ በታመመ ጊዜ ግን ምግብ ማላመጥ፣ በስብሰባ ላይ መናገር፣ በስልክ መነጋገር፣ ሌላው ቀርቶ ሌሊት በሰላም መተኛት እንኳ አስቸጋሪ ይሆናል።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ቀስ በቀስ ነው። ለአብነት ያህል ቀኑን ሙሉ በኮምፒዩተር ላይ አቀርቅሮ የሚውል አንድ የቢሮ ሠራተኛን መውሰድ ይቻላል። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሲቃረብና የሪፖርት ማቅረቢያ ጊዜ ሲደርስ ሥራ ይደራረብበታል። ሳይታወቀው ጥርሱን ነክሶ ይውላል፤ ሌሊትም በእንቅልፍ ላይ እያለ ጥርሱን ያፋጫል። ጠዋት ሲነሳ ጉንጩ ዝሎ፣ ራሱንም እያመመው ይነሳል። አፉን በከፈተ ቁጥር ከጆሮው አጠገብ የቋታ ድምፅ ይሰማል።

ይህ ሠራተኛ በመጀመሪያ ሕመሙ የጆሮ መስሎት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ጆሮው ጤነኛ መሆኑ ይነገረዋል። ቀጥሎ ሕመሙ የጥርስ ሳይሆን አይቀርም በሚል ጥርሱን ያስመረምራል። በዚህ መካከል ምንም ችግር የሌለበትን የመንጋጋ ጥርስ እስከ ማስነቀል የሚደርስ ሰው ይኖራል፤ ጥርሱ ከተነቀለም በኋላ ሕመሙ እንዳለ ይቀጥላል። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም በትክክል ሳይታወቅ በመቅረቱ የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ ይጀምራል።

ለመሆኑ የመንጋጋ መገጣጠሚያ እንዴት ይሠራል? መገጣጠሚያው የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከራስ ቅል ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል፣ አጥንት ከአጥንት ጋር እንዳይፋተግ የሚከላከል ስስ ዲስክ ይገኛል። አፍ መከፈት ሲጀምር አጥንቱ በር በማጠፊያው ላይ እንደሚዞር ሁሉ ባለበት ይዞራል፤ አፍ በሰፊው ሲከፈት ደግሞ ዲስኩን አስከትሎ ወደ ፊት ይንሸራተታል። መዞርንና መንሸራተትን አጣምሮ መያዙ ከብዙዎቹ የሰውነት መገጣጠሚያዎች የተለየ ያደርገዋል።

ሌላው ልዩ ባሕርይው የግራውና የቀኙ መገጣጠሚያዎች በአንድ አጥንት የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ያለ ሌላው ሊንቀሳቀስ አለመቻሉ ነው። በመሆኑም በአንዱ ወገን የሚከሰት እክል በሌላኛው ወገን ላይ ጫና ያሳድራል። አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው አፉን በሰፊው ሲከፍት በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶች መካከል ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ይኖራል። ይህም የራሱን ሦስት ጣቶች ደርቦ በቁመት ለማስገባት የሚበቃ ነው። ክፍተቱ ከዚህ በእጅጉ ካነሰ መገጣጠሚያው ወይም በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች እክል ገጥሟቸው ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

በዚህ መገጣጠሚያና በሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ላይ የሚደርሰው እክል አንድ ዓይነት በሽታ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጥርስና የፊት አካላት ምርምር ተቋም እንደሚያስረዳው በዚህ ስያሜ ሥር ከ30 በላይ የጤና ችግሮች ይጠቃለላሉ። በጥቅሉ ሲታዩም በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የማኘኪያ ጡንቻዎች ሕመም ነው። ሁለተኛው ዲስኩ ከቦታው መንሸራተቱ ወይም የመገጣጠሚያው አሠራር መዛባቱ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ እንደ ሌሎች መገጣጠሚያዎች ሁሉ በብግነት ወይም በመበላት የሚመጣ ጉዳት ነው።

ምልክቶቹም የተለያዩ ናቸው። ከጆሮ ፊት ለፊትና በጉንጭ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ሕመሙ ወደ ራስና ወደ አንገት መዛመቱ፣ መንጋጋ መድረቁ ወይም መቆለፉ፣ አፍ ሲከፈት ወደ አንድ ጎን መዞሩ፣ በጆሮ ውስጥ ጩኸት መሰማቱ ከምልክቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ። ይሁንና ሕመም የሌለው የቋታ ድምፅ ብቻውን በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይ የሚሰማ በመሆኑ ሕክምና አያስፈልገውም። ይህን አለማወቅ ብዙዎችን ለአላስፈላጊ ሥጋትና ወጪ ይዳርጋል።

ችግሩ በስፋት የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በተሰበሰበ መረጃ መሠረት በዚያ አገር ከሚኖሩ አዋቂዎች መካከል 4 ነጥብ 8 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከ11 እስከ 12 ሚሊዮን የሚገመቱ ሰዎች፣ በመንጋጋ መገጣጠሚያ አካባቢ ሕመም ነበረባቸው። ሕመሙ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ሁለት እጥፍ ያህል የሚታይ ሲሆን፣ በተለይ ከ35 እስከ 44 ዓመት ዕድሜ ባሉት ላይ ይበረታል። ይህ ዕድሜ ደግሞ ሰው በሥራውም ሆነ በቤተሰብ ኃላፊነቱ ከፍተኛ ጫና የሚሸከምበት ጊዜ ነው።

የሕመሙን መንስኤ በተመለከተ የሕክምናው ዓለም አስተሳሰብ ባለፉት ዘጠና ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ ለውጥ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1934 ጄምስ ኮስተን የተባሉ አሜሪካዊ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም የጆሮና የፊት ሕመምን ከጥርስ መጉደልና ከንክሻ መዛባት ጋር አያይዘው አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዓመታት ጥርስን በመሞረድ፣ ዘውድ በማልበስና ንክሻን በማስተካከል ሕመሙን ማዳን ይቻላል የሚለው እምነት ገዝቶ ቆየ። ኋላ የተካሄዱ ሰፋፊ ጥናቶች ግን የንክሻ መዛባት ዋነኛው መንስኤ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አልደገፉም።

በአሁኑ ወቅት ተቀባይነት ያለው አመለካከት ሕመሙ የብዙ ምክንያቶች ድምር ውጤት ነው የሚል ነው። በመንጋጋ ላይ የደረሰ አደጋ፣ ጥርስን ነክሶ መያዝና ማፋጨት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ጭንቀት፣ በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ የቆየ ሕመም፣ እንዲሁም በተፈጥሮ ለሕመም ያለ ስሜታዊነት ተደራርበው ችግሩን ያስከትላሉ። በመሆኑም አንድ መንስኤ ብቻ ነቅሶ በማውጣት እርሱን በማስተካከል ብቻ ሙሉ ፈውስ አስገኛለሁ የሚል ሕክምና ሁሉ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በተለይ በአሜሪካ በስፋት የሚነሳው የካይሮፕራክቲክ ሕክምና ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን በእጅ የሚከናወን ማለት ነው። የሕክምናው መሥራች በካናዳ የተወለዱት ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1895 በአሜሪካ አዮዋ ክፍለ ግዛት በዳቨንፖርት ከተማ ሃርቪ ሊላርድ የተባሉ የመስማት ችግር የነበረባቸው የጽዳት ሠራተኛ የጀርባ አጥንትን በእጃቸው ገፍተው እንዳስተካከሉና የሰውየው የመስማት ችሎታ እንደተመለሰ ተናገሩ። ፓልመር ከዚህ በመነሳት አብዛኛው በሽታ የሚመጣው ከአከርካሪ አጥንቶች መዛነፍ ነው የሚል አስተምህሮ አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1897ም ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ይህ አስተምህሮ ከመነሻው ጀምሮ ከሳይንስ ጋር ሲጋጭ ቆይቷል። የመስሚያ ነርቭ ከውስጠኛው ጆሮ ተነስቶ በራስ ቅል ውስጥ በቀጥታ ወደ አንጎል የሚገባ እንጂ በጀርባ አጥንት በኩል የሚያልፍ አይደለም። አብዛኞቹ በሽታዎች ከአከርካሪ መዛነፍ ይመጣሉ የሚለውም እስከ ዛሬ በጥናት አልተረጋገጠም።

ይህም ሆኖ ሙያው በሂደት ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቷል። ካንሳስ እ.ኤ.አ. በ1913 የሙያ ፈቃድ ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ስትሆን፣ ሉዊዚያና በ1974 የመጨረሻዋ ሆናለች። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ ከካይሮፕራክቲክ ባለሙያዎች ጋር እንዳይሠሩ ያደርግ የነበረ ሲሆን፣ በ1976 በቀረበበት ክስ ምክንያት አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1987 ማኅበሩ የንግድ ውድድር ሕግን ጥሷል ሲል ወስኗል። ውሳኔው ስለ ውድድር ሕግ የተሰጠ እንጂ ስለ ሕክምናው ፈዋሽነት የተሰጠ ምስክርነት አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2005 የካይሮፕራክቲክ ሥልጠናንና ደህንነትን የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። በመመሪያው መሠረት የተሟላ ሥልጠና አራት የሙሉ ጊዜ ዓመታትን ወይም ከ4 ሺህ 200 ያላነሱ የትምህርት ሰዓታትን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 1 ሺህ ሰዓት በክትትል የሚከናወን የክሊኒክ ልምምድ መሆን አለበት። ይህም በአጭር ሥልጠና የአንገት አጥንትን መንካት ተገቢ አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል።

የአከርካሪ ባለሙያ የሆነ ሰው ከመንጋጋ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መልሱ በነርቮች አሠራር ላይ የተመሠረተ ነው። የፊትንና የመንጋጋን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው አምስተኛው የአንጎል ነርቭ ሲሆን፣ ከላይኛው የአንገት ክፍል የሚመጡት ነርቮችም የሕመም መልእክታቸውን የሚያደርሱት ከዚህ ነርቭ ጋር በሚጋሩት ጣቢያ በኩል ነው። በመሆኑም የአንገት ሕመም በፊት ላይ፣ የመንጋጋ ሕመምም በአንገት ላይ ሊሰማ ይችላል። የመንጋጋ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች አንገታቸውንም የሚያማቸው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሙያው የሚያከናውናቸው ተግባራት በአራት ተከፍለው ሊታዩ ይችላሉ። አንደኛው በጉንጭ፣ ከጆሮ በላይና በአንገት ያሉ የጠጠሩ ጡንቻዎችን ማሸትና መጫን ነው። ለዚህም ጓንት አጥልቆ ጣቱን ወደ አፍ ውስጥ በማስገባት የውስጠኛውን ጡንቻ የሚነካበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው መንጋጋውን ይዞ በዝግታና በተደጋጋሚ ወደ ታችና ወደ ፊት በመሳብ ማላላት ነው። ሦስተኛው በመንጋጋ ወይም በአንገት ላይ የሚደረግ ፈጣንና አጭር ግፊት ሲሆን፣ አራተኛው ታካሚው በቤቱ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ማስተማርና አቀማመጡን ማረም ነው።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ዋነኛ ጉዳይ እነዚህ አራት ተግባራት እኩል ማስረጃ የሌላቸው መሆኑ ነው። የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ያሳተመው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየን የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም የሚመለከት ሲሆን፣ በርካታ ጥናቶችን አወዳድሮ ምክረ ሐሳብ ሰጥቷል።

መመሪያው በጥብቅ ከደገፋቸው ሕክምናዎች መካከል በባለሙያ እገዛ መንጋጋን በዝግታ ማላላት፣ የጠጠሩ የጡንቻ ነጥቦችን በእጅ ማከም፣ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ የመንጋጋና የአቀማመጥ ማስተካከያ እንቅስቃሴ፣ የአስተሳሰብና የባሕርይ ምክር ሕክምና፣ እንዲሁም ታካሚውን ማስተማርና የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ ይገኙበታል። ፈጣኑን የእጅ ግፊት ግን የደገፈው በቅድመ ሁኔታ ነው፤ ይህም ማለት ጥቅሙ ያን ያህል እርግጠኛ ባለመሆኑ ውሳኔው እንደየታካሚው ሁኔታ ይለያያል ማለት ነው።

በአንጻሩ መመሪያው ሊመለስ የማይችል ለውጥ የሚያስከትሉ የጥርስ ሽፋኖችን፣ ዲስኩን በቀዶ ሕክምና ማውጣትን፣ እንዲሁም የብግነት ማስታገሻዎችን ከኦፒዮይድ መድኃኒቶች ጋር አጣምሮ መስጠትን በጥብቅ ተቃውሟል። በብዙ ክሊኒኮች የሚሰጡት ተነቃይ የጥርስ ሽፋኖችም ጥርስን ከመፋቅ ሊከላከሉ ቢችሉም፣ ለቆየ የመንጋጋ ሕመም ሕክምናነት መመሪያው በቅድመ ሁኔታ አልደገፋቸውም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ለታካሚው ወሳኙ በክሊኒኩ በር ላይ የተጻፈው የሙያ ስም ሳይሆን የባለሙያው እጅ የሚሠራው ሥራ ነው። መንጋጋን በዝግታ ማላላት፣ ጡንቻን ማሸትና እንቅስቃሴ ማስተማር የካይሮፕራክቲክ ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስት ወይም በዘርፉ የሠለጠነ የጥርስ ሐኪም ሊያከናውናቸው የሚችላቸው ናቸው። አከርካሪን ማስተካከል ብቻውን የመንጋጋን ሕመም ከሥሩ ያድናል የሚለው አባባል ግን በማስረጃ የተደገፈ አይደለም።

ሕክምናው አደጋ የለሽ ነው ብሎ መውሰድም ስህተት ነው። በእጅ መታሸትና መላላት ለጥቂት ቀናት የሚቆይ የሕመም ስሜት ከመፍጠር ያለፈ ጉዳት የሚያስከትለው አልፎ አልፎ ነው። በአንገት ላይ የሚደረገው ፈጣን ግፊት ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ በአንገት ግፊትና ደም ወደ አንጎል በሚወስዱ የአንገት ቧንቧዎች መሰንጠቅ መካከል ግንኙነት መኖሩን አመልክቷል። የቧንቧው መሰንጠቅ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል።

ማኅበሩ እንዳመለከተው ግፊቱ የመሰንጠቁ መንስኤ ስለመሆኑ አልተረጋገጠም። ቧንቧቸው አስቀድሞ የተሰነጠቀ ሰዎች በአንገት ሕመም ምክንያት ወደ ባለሙያው ሊሄዱ የሚችሉበት ሁኔታ አለ። ክስተቱም ብርቅ ነው። ሆኖም ታካሚው ከግፊቱ በፊት ስለ ጉዳዩ ሊነገረው እንደሚገባ ማኅበሩ አሳስቧል። የአጥንት መሳሳት፣ ስብራት፣ ኢንፌክሽን፣ ዕጢ ወይም አንገትን ያጠቃ የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ሰው ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ግፊት ጨርሶ ሊፈቅድ አይገባም። ማንኛውም ታካሚ አንገቴ በኃይል እንዲጠመዘዝ አልፈልግም የማለት መብት አለው፤ የመንጋጋ ሕመምን ያለዚህ ግፊት ማከም ይቻላልና።

ወደማይመለስ ሕክምና ተቻኩሎ መግባት የሚያስከትለውን ጉዳት የአሜሪካ ተሞክሮ በሚገባ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1983 የመንጋጋ መገጣጠሚያ ዲስክን የሚተካ በቴፍሎን የተሠራ ሰው ሠራሽ አካል ለገበያ ቀረበ። ይህ አካል በማኘክ ጫና እየተፈረካከሰ በዙሪያው ያለውን አጥንት እንዲበላ የሚያደርግ ብግነት ማስከተሉ ታወቀ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1990 የደህንነት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ምርቱ ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። ብዙ ታካሚዎች ግን አካሉን ለማስወጣት ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ተገደዋል፤ አንዳንዶቹም ከዕድሜ ልክ ሕመም ጋር ቀርተዋል። የዘርፉ ባለሥልጣናት ዛሬ ላይ አስቀድሞ ቀላልና ሊመለስ የሚችል ሕክምና ይሞከር የሚሉት ከዚህ መራር ተሞክሮ በመነሳት ጭምር ነው።

የሕመሙ ሌላው ችግር በሙያዎች መካከል ባለቤት ማጣቱ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሰፊ ሪፖርት በአጠቃላይ ሕክምናና በጥርስ ሕክምና መካከል ያለው ክፍፍል ታካሚዎችን ለእንግልት መዳረጉን አመልክተዋል። የመድን ሽፋኑም የዚሁ ክፍፍል ገጽታ ነው። የጤና መድን ጉዳዩ የጥርስ ነው ሲል የጥርስ መድን ደግሞ የሕክምና ነው ሊል ይችላል። ለአረጋውያን የሚሰጠው ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ከካይሮፕራክቲክ አገልግሎቶች የሚሸፍነው የአከርካሪን የእጅ ማስተካከል ብቻ ነው። በመሆኑም በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ሆኑ ወላጆቻቸውን ወስደው የሚያሳክሙ ቤተሰቦች ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ክፍያውንና የጉብኝቱን ብዛት በጽሑፍ ጠይቀው ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

በአገራችን የካይሮፕራክቲክ ባለሙያ እምብዛም የተለመደ አይደለም። ይሁን እንጂ በእጅ ማከም ለኅብረተሰቡ አዲስ አይደለም፤ ወለምታና ውልቃት ሲያጋጥም ወጌሻ ዘንድ መሄድ የቆየ ልማድ ነውና። የወለቀ መንጋጋን በእጅ ወደ ቦታው መመለስም በጥንታዊት ግሪክ በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የሕክምና ጽሑፎች ሳይቀር የተገለጸ ሲሆን፣ ዛሬም በሆስፒታሎች የሚሠራበት ዘዴ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ሆኖም የወለቀ መንጋጋና የታመመ የመንጋጋ መገጣጠሚያ አንድ አይደሉም። ሰው ሲያዛጋ አፉ እንደተከፈተ ቢቀርና መዝጋት ቢያቅተው ውልቃት በመሆኑ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በአደጋ ከመጣ ደግሞ ስብራት ሊኖር ስለሚችል በራጅ ሳይታይ መንጋጋውን መግፋትና መጎተት ጉዳቱን ያባብሳል። ለወራት የቆየ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ግን በአንድ ጊዜ ጉተታ የሚስተካከል ሳይሆን በትዕግሥት የሚደረግ ክትትልን የሚጠይቅ ነው።

በአገሪቱ ለዚህ ሕመም ቀዳሚ አማራጭ የሚሆነው በአቅራቢያ ባለ ጤና ተቋም ወይም በጥርስ ሐኪም ተመርምሮ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ፊዚዮቴራፒስት መላክ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ሲሆን፣ በትልልቅ ሆስፒታሎችም አገልግሎቱ ይሰጣል። መንጋጋው የማይከፈት ወይም የተሰበረ ሰው ደግሞ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሊላክ ይገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አብዛኛው የመንጋጋ ሕመም በመጀመሪያው ደረጃ ላይ በቀላል ጥንቃቄ የሚሻል ነው። በሥራ ላይ ያለ ሰው በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ቢኖር የላይኛውና የታችኛው ጥርሶች መነካካት ያለባቸው በሚያኝኩበትና በሚውጡበት ጊዜ ብቻ መሆኑን ነው። በቀረው ጊዜ ከንፈር ገጥሞ፣ ጥርስ ተለያይቶ፣ ምላስም ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላንቃ ላይ በቀስታ አርፎ መቆየት ይኖርበታል። በጠረጴዛ ላይ ትንሽ ምልክት አኑሮ ዓይን ባረፈበት ቁጥር ጥርስን ማላቀቅ ልማዱን ለመተው ይረዳል።

ስልክን በጆሮና በትከሻ መካከል አጣብቆ መነጋገር፣ አገጭን በእጅ ደግፎ መቀመጥ፣ የብዕር ጫፍና ጥፍር መንከስ፣ እንዲሁም አንገትን ወደ ኮምፒዩተሩ አስግጎ መዋል መወገድ ያለባቸው ልማዶች ናቸው። ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ ሸንኮራ አገዳና ማስቲካ ትቶ እንደ ሹሮ፣ ገንፎና አጥሚት ያሉ ለስላሳ ምግቦችን መመገብ ይመከራል። ጫት ለረጅም ሰዓት በአንድ ጉንጭ ይዞ ማላመጥም የማኘኪያ ጡንቻዎችን ያለ ዕረፍት ስለሚያሠራ ሕመም ያለበት ሰው ሊርቀው ይገባል።

ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በጉንጭ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል መያዝ የጠጠረ ጡንቻን ያላላል። ምላስን ከላንቃ ጋር አጣብቆ አፍን በዝግታ ሕመም እስከማይሰማበት ድረስ ስድስት ጊዜ ያህል መክፈትና መዝጋት፣ ይህንንም በቀን ውስጥ ደጋግሞ መሥራት ይቻላል። እንቅስቃሴው ሕመሙን ካባባሰው ማቆምና ባለሙያን ማማከር ያስፈልጋል። ሲያዛጉ አገጭን በእጅ ደግፎ አፍ ከመጠን በላይ እንዳይከፈት ማድረግም ጠቃሚ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሕመሙ በእርግጥ የመንጋጋ መገጣጠሚያ በሚሆንበት ጊዜ ነው። ከደረት ሕመም፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ የመንጋጋ ሕመም የልብ ድካም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ደቂቃ የሚሰጠው አይደለም። ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሲያኝክ መንጋጋው በፍጥነት እየዛለ አዲስ የራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካጋጠመው የደም ቧንቧ ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ይህም ካልታከመ ዓይንን ያሳውራል። ከቁስል በኋላ መንጋጋ ግትር ብሎ አልከፈት ሲል ደግሞ ሕዝቡ መንጋጋ ቆልፍ የሚለው ቴታነስ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ እብጠት፣ የፊት መደንዘዝና ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስም ወደ ማሻ ሳይሆን ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው።

ሕክምና የሚፈልግ ሰው ባለሙያው ዘንድ ሲቀርብ ጥቂት ጥያቄዎችን ማንሳት ይገባዋል። ምርመራው ሕመሙ የጡንቻ ነው ወይስ የመገጣጠሚያ? የሚደረገው ሕክምና ዝግ ያለ ማላላት ነው ወይስ ፈጣን ግፊት? አንገት ይነካል ወይ? ለስንት ሳምንት ይቆያል? ለውጥስ ካልታየ ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሚሰጥ፣ የቤት ሥራ የሚያስተምርና ለውጥ በማይኖርበት ጊዜ ወደ ሌላ ባለሙያ የሚልክ ሰው ሊታመን የሚችል ነው። ማለቂያ የሌለው የጉብኝት መርሐ ግብር የሚያዝ፣ ወይም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥርስ እንዲሞረድና ቀዶ ሕክምና እንዲደረግ የሚገፋፋ ከሆነ ግን ከመወሰን በፊት ሁለተኛ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም የድርሻቸውን ሊወጡ ይችላሉ። የኮምፒዩተር ስክሪን ከዓይን ትይዩ እንዲሆን ማድረግ፣ በረጅም ስብሰባዎች መካከል ዕረፍት መስጠትና በሪፖርት ወቅት የሚደራረበውን ሥራ አስቀድሞ ማከፋፈል ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ከመንጋጋ አልፎ ለአንገትና ለጀርባ ጭምር የሚተርፍ እርምጃ ነው።

በአጠቃላይ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም አስጨናቂ ቢሆንም በአብዛኛው ሊሻል የሚችል ችግር ነው። የሠለጠነ እጅ፣ የታካሚው የራሱ እንቅስቃሴና የልማድ ለውጥ ሲጣመሩ ውጤት እንደሚያስገኙ ማስረጃዎች ያሳያሉ። የተነቀለ ጥርስ፣ የተሞረደ ንክሻና በቀዶ ሕክምና የወጣ ዲስክ ግን ተመልሶ አይተካም። በመሆኑም ሕመሙ ያጋጠመው ማንኛውም ሰው በትክክል ሳይመረመር ወደማይመለስ እርምጃ ከመግባት ተቆጥቦ፣ ሊመለስ በሚችለው ቀላል ሕክምና መጀመር ይኖርበታል።